ስለ ኩዊን የምንጠይቀው ከጥርሱ ወደ ጊታሩ ይዙር

ስለ እንግሊዙ የሮክ ባንድ ስለ ኩዊን የሚዘጋጁ የጥያቄና መልስ ውድድሮች ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ላይ ያተኩራሉ። ፍሬዲ ሜርኩሪ የት ተወለደ? ዛንዚባር፣ በ1946። ቤተሰቡ ያወጣለት ስም ማን ነበር? ፋሩክ ቡልሳራ። ስንት ትርፍ ጥርስ ነበረው? አራት። መልሶቹ ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን አንዳቸውም ያ ድምፅ እንዴት እንደተሠራ አይነግሩንም። በእኔ እምነት ስለ ኩዊን መጠየቅ የሚገባው ስለ ጊታሩ እንጨት፣ ስለ አምፕሊፋየሩ ሽቦና ስለ መቅረጫው ቴፕ ነው። (ሌላ ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ባንዱ በ1970 ለንደን ውስጥ ሲመሠረት አባላቱ ተማሪዎች ወይም ገና ከትምህርት የወጡ ወጣቶች ነበሩ። ጊታሪስቱ ብራያን ሜይ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ፊዚክስ ያጠና ነበር። ድራመሩ ሮጀር ቴይለር በጥርስ ሕክምና ጀምሮ ወደ ባዮሎጂ ዞሯል። በ1971 በመጨረሻ የተቀላቀለው ባለ ቤዝ ጊታሩ ጆን ዲከን በዚያው ዓመት ከቼልሲ ኮሌጅ በኤሌክትሮኒክስ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ። ሜርኩሪ ኢሊንግ ውስጥ ግራፊክስ ተምሯልና የባንዱን አርማ የሣለው እሱ ነው፦ ሁለቱ አንበሶች የዲከንና የቴይለር፣ ሸርጣኑ የሜይ፣ ሁለቱ ክንፍ ያላቸው ሴቶች የራሱ የሜርኩሪ የኮከብ ምልክቶች ናቸው። አርማው ግን አይዘፍንም፤ ወደ ጊታሩ እንሂድ።

በኦገስት 1963 የ16 ዓመቱ ሜይ ፋብሪካ የሠራውን ጊታር የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። አባቱ ሃሮልድ ኤሌክትሮኒክስ ያውቅ ነበርና አባትና ልጅ እቤታቸው የራሳቸውን ሊሠሩ ተነሡ፤ ሥራው ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀ። አንገቱ የተጠረበው ከመቶ ዓመት በላይ ካስቆጠረ የእሳት ማንደጃ መደርደሪያ፣ ከማሆጋኒ እንጨት ነው። እንጨቱን ነቀዝ በስቶት ስለነበር ቀዳዳውን በክብሪት እንጨት ደፈኑት። ለአካሉ የአሮጌ ጠረጴዛ ኦክ እንጨትና ብሎክቦርድ የሚባል ተለጣፊ ጣውላ ተጠቅመው ላዩን በስስ ማሆጋኒ ለበጡት። አንገቱ ላይ የጣት ቦታ የሚያመለክቱት ነጫጭ ነጥቦች ከእናቱ የልብስ ስፌት ሳጥን የወጡ የዛጎል ቁልፎች ናቸው።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ብዙ አድናቂ ያውቀዋል። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ይበልጥ ያስገርማል። የኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ክሮቹን አላልቶ ድምፁን የሚያወዛውዘው እጀታ፣ ትሬሞሎ የሚባለው፣ የዘመኑ ጊታሪስቶች ራስ ምታት ነበር። እጀታው ሲለቀቅ ክሩ በሚነካቸው ነጥቦች ሁሉ ስለሚያዝ ወደ ቦታው በትክክል አይመለስም፤ ጊታሩም ከቅኝቱ ይወጣል። አባትና ልጅ ችግሩን ከምንጩ፣ ከሰበቃው ጀመሩት። ክሮቹ በአካሉ በኩል በሚያርፉበት ድልድይ ላይ ክሩ ሲንቀሳቀስ አብረውት የሚሽከረከሩ ትናንሽ ሮለሮች አደረጉ። ክሩ አንገቱ ጫፍ ላይ በጠባብ ስንጥቅ እንዳይያዝ በፍሬት፣ አንገቱን በሚያቋርጥ ቀጭን የብረት ዘንግ፣ ላይ አሳረፉት። እጀታው የተያያዘበት ብረት ደግሞ እንደ ቢላዋ በተሳለ ጠንካራ የብረት ጠርዝ ላይ ነው የሚወዛወዘው። የክሮቹን ጉልበት በተቃራኒ በኩል የሚቋቋሙት ሁለት ሞላዎች (ስፕሪንጎች) ከ1928 ፓንተር ሞተር ብስክሌት ቫልቭ የተወሰዱ ናቸው፤ እጀታው ራሱ የብስክሌት ቦርሳ መያዣ ብረት ሲሆን ጫፉ ላይ የተሰካው የሹራብ መሥሪያ መርፌ ቁራጭ ነው።

የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡትን ፒክአፖችም መጀመሪያ ሜይ ራሱ በማግኔት ሠርቷቸው ነበር። ድምፃቸው ጥሩ ቢሆንም ክሩን በጣቱ ወደ ጎን በገፋው ቁጥር የማይፈለግ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ የማግኔቶቹ ዋልታ አቀማመጥ ያመጣው ጣጣ ነው። ስለዚህ ሦስት የበርንስ ትራይሶኒክ ፒክአፖች ገዛ። እነሱም ሌላ ችግር ነበረባቸው፤ ድምፁ ሲጮኽ ውስጣቸው ያለው የሽቦ ጥቅልል ራሱ እየተንቀጠቀጠ ያፏጫል። ሜይ ጥቅልሉን በአራልዳይት ማጣበቂያ ሞልቶ አደረቀውና ፉጨቱ ጠፋ። እያንዳንዱ ፒክአፕ አንድ ማብሪያ ማጥፊያና አንድ አቅጣጫ መገልበጫ አለው፤ በድምሩ ስድስት ማብሪያዎች ማለት ነው። አብዛኞቹ ጊታሮች ላይ ፒክአፖች ጎን ለጎን ሲገናኙ የእሱ በተከታታይ የተያያዙ በመሆናቸው ሁለት ፒክአፖች አብረው ሲበሩ ድምፁ ይወፍራል። አንዱ ሲገለበጥ ሁለቱ የሚጋሩት ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጣፋና ቀጭኑና ስለታሙ ይቀራል። የሜይን ጊታር በአንድ ጆሮ የምንለየው በዚህ ነው እንጂ በአስማት አይደለም።

ክሩን የሚመታበትም ስድስት ፔኒ የሚያወጣ የድሮ የእንግሊዝ ሳንቲም ነው። ፕላስቲክ መምቻ ይታጠፋል፤ ሳንቲም ስለማይታጠፍ ጣት ክሩን በቀጥታ ይሰማዋል። የተከረከረው ጠርዙ ደግሞ ክሩን ሲነካ ትንሽ የመፋቅ ድምፅ ይሰጣል። ሳንቲሙ በ1980 ከገበያ ወጥቷል፤ ሜይ ግን ዛሬም ይዞታል።

ሰውዬው ይህን ሁሉ ያደረገው ሳይንሱን ትቶ አይደለም። በ1970 የጀመረውንና በ1974 ያቋረጠውን የፒኤችዲ ጥናት በ2007 ጨርሷል። ርእሱ በፀሐይ ዙሪያ ፕላኔቶች በሚዞሩበት ጠለል ላይ የተበተነው አቧራ ፍጥነት ነበር።

አሁን ወደ ዲከን። የሚጠየቀው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ከ1997 በኋላ ለምን ከመድረክ ጠፋ? እኔ የምጠይቀው ግን ስለ ሳጥኑ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዲከን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ የተጣለ የአምፕሊፋየር ሰሌዳ አገኘ፤ አንስቶ በመጻሕፍት መደርደሪያ ላይ በሚቀመጥ ትንሽ የስፒከር ሳጥን ውስጥ ገጠመው። የድምፅ መጨመሪያ ቁልፍ የለውም፤ የወፍራምና የቀጭን መቆጣጠሪያም የለውም፤ በባለ 9 ቮልት ባትሪ ይሠራል። አቅሙ ትንሽ ስለሆነ ሜይ ጊታሩን በማጉያ አጠናክሮ ሲያስገባበት ከአቅሙ በላይ ይገፋና ድምፁን ለስለስ አድርጎ ያሻክረዋል። የተገኘው ድምፅ የጊታር መሆኑ ይቀርና ቫዮሊን፣ ትሮምቦን፣ ክላርኔት ይመስላል። በ1975 በወጣው «ጉድ ካምፓኒ» ውስጥ የምንሰማው ሙሉ የጃዝ ባንድ የተሠራው በዚህ መንገድ ነው፦ አንዲት መስመር ይጫወታል፣ ይቀርጻል፣ ሌላዋን ከላይ ይደርብባታል። በ70ዎቹ አልበሞቻቸው ሽፋን ላይ «ሲንተሳይዘር የለም» (ሲንተሳይዘር የተለያየ ድምፅ በኤሌክትሪክ የሚፈጥር መሣሪያ ነው) የሚል ማስታወሻ ያኖሩት አድማጩ ስለማያምን ነበር። ሲንተሳይዘር ያስገቡት በ1980 ነው።

ዝነኛው ዘፈናቸው «ቦሂሚያን ራፕሶዲ»ም በዚያው የመደረብ ሥራ የተገኘ ነው። ቀረጻው በኦገስት 1975 ዌልስ ውስጥ በሚገኘው ሮክፊልድ ስቱዲዮ ተጀመረ፤ ፕሮዲውሰሩ ሮይ ቶማስ ቤከር ነበር። በዘፈኑ መሃል ያለው ኦፔራ መሰል ክፍል ብቻውን ሦስት ሳምንት ገደማ ወስዷል። ሜርኩሪ መካከለኛውን፣ ሜይ ዝቅተኛውን፣ ቴይለር ያንን ሰማይ የሚነካውን ድምፅ ይይዛሉ፤ ዲከን አይዘፍንም። ቴፑ ላይ ድምፅ ጎን ለጎን የሚቀረጽባቸው መስመሮች፣ ትራኮች፣ 24 ብቻ ስለነበሩ ድምፆቹ ቦታ ሲሞሉ ተቀላቅለው ወደ አንድ ወይም ሁለት ትራክ ይገለበጣሉ፤ በተለቀቀው ቦታ ላይ ሌላ ድምፅ ይቀረጻል። ዋጋ ያስከፍላል ግን። በተገለበጠ ቁጥር ቀጭኑ ድምፅ እየደበዘዘ የቴፑ ሽሽታ ይጨምራል። ቴፑም በመቅረጫው ላይ ደጋግሞ ባለፈ ቁጥር የተቀባው ማግኔታማ ዱቄት ይረግፋል፤ የነሱ ቴፕ ወደ ብርሃን ሲያዙት ወዲያ ማዶ እስኪያሳይ ድረስ ሳስቶ ነበር። ይህን የሚያውቅ አድማጭ ዘፈኑን በኮንሰርት ላይ ሲሰማ አንድ ነገር ይገባዋል። ሦስት ሰው ያንን የኦፔራ ክፍል በመድረክ ሊዘፍነው አይችልም። ስለዚህ እዚያ ሲደርሱ መድረኩን ለቀው ቴፑ እንዲጫወት ያደርጉ ነበር።

የሜርኩሪ ድምፅ አራት ኦክታቭ (አንድ ኦክታቭ ከአንድ «ዶ» እስከ ቀጣዩ «ዶ» ያለው ርቀት ነው) ይደርስ ነበር የሚለው ወሬም በየውድድሩ እንደ ትክክለኛ መልስ ይቆጠራል። በ2016 የታተመ የድምፅ ጥናት ቅጂዎቹን ለክቶ ያገኘው 37 ከፊል ድምፅ (12ቱ አንድ ኦክታቭ ይሞላሉ)፣ ማለትም ከሦስት ኦክታቭ ትንሽ የሚበልጥ ስፋት ነው። ሲናገር የሚሰማው ድምፁም የባሪቶን፣ መካከለኛ የወንድ ድምፅ፣ ነበር። የተለየ ያደረገው የድምፁ ንቅጥቅጥ ፍጥነት ነው፤ በሰከንድ 7 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፣ ከተለመዱት ዘፋኞች ይፈጥናል። ልዩነቱን ሌላ ቦታ ስንፈልግ የቆየን ይመስለኛል።

«ዊ ዊል ሮክ ዩ»ን ሁሉም ያጨበጭበዋል። ውስጡ ድራምም ቤዝም እንደሌለበት ግን ስንቱ ያስተውላል? ጊታሩ ራሱ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። በ1977 ቤተ ክርስቲያን በነበረ የለንደን ስቱዲዮ ውስጥ ጥቂት ሰዎች በጣውላ ላይ ሁለት ጊዜ እየረገጡ አንድ ጊዜ አጨበጨቡ፤ ደጋግመው ቀረጹት። ሜይ ፊዚክሱን የተጠቀመበት ከዚያ በኋላ ነው። እያንዳንዱን ቅጂ በጥቂቱ አዘገየው፤ መዘግየቶቹን ግን ከ1ና ከራሳቸው በቀር በማይካፈሉ ቁጥሮች መሠረት አደረጋቸው። መዘግየቶቹ እርስ በርስ የሚካፈሉ ቢሆኑ ጆሮ የገደል ማሚቶ ይሰማ ነበር፤ ባለመካፈላቸው በሰፊ ሜዳ የቆመ ሕዝብ ይሰማል። በስልክ ወይም በኮምፒውተር መሞከር ይቻላል፦ አንድ ጭብጨባ ይቅረጹ፣ አምስት ቅጂ ያድርጉ፣ በ11፣ በ17፣ በ29፣ በ41 እና በ59 ሚሊሰከንድ ያዘግዩዋቸው። ከዚያ በ10፣ በ20፣ በ30፣ በ40፣ በ50 ይቀይሩትና ያወዳድሩ፤ ሁለተኛው በቆርቆሮ ቱቦ ውስጥ የተጨበጨበ ይመስላል።

ስለ ገንዘቡ አጭር ቃል። የ«ቦሂሚያን ራፕሶዲ» ሸክላ ጀርባ ላይ የወጣው የቴይለር «አይም ኢን ላቭ ዊዝ ማይ ካር» ነበር፤ ጀርባ ላይ ያለ ዘፈን ደራሲውም ከሽያጩ እኩል ይከፈለው ስለነበር ጭቅጭቅ አስነሥቷል። በ1989ኙ አልበማቸው ላይ ሁሉንም ዘፈን በባንዱ ስም ማድረግ የጀመሩት እንዲህ ያለውን ጠብ ለመቁረጥ ነው። ከዚያ በፊት ግን አራቱም በየስማቸው ዓለም የሚያውቀው ዘፈን ጽፈዋል። በ1980 አሜሪካ ውስጥ አንደኛ የወጣው «አናዘር ዋን ባይትስ ዘ ደስት» የዝምተኛው የዲከን ነው። ምቱ በደቂቃ 110 ገደማ በመሆኑ፣ ልቡ ለቆመ ሰው ደረት ሲጫን ከሚመከረው ከ100 እስከ 120 መካከል ይወድቃል።

ለእኛ የሚቀርበው ጥያቄ ላይቭ ኤይድ የተባለው የእርዳታ ኮንሰርት ነው። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. (ጁላይ 13፣ 1985) በለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየም ኩዊን 21 ደቂቃ ያህል ተጫወቱ፤ የተሰበሰበውም ገንዘብ ለ77ቱ ረሃብ ነበር። የተዘጋጁት ለንደን ውስጥ በሻው ቲያትር ነው። «ቦሂሚያን ራፕሶዲ»ን ከጊታሩ ሶሎ በኋላ ቆረጡና ወደ ሌላው ዘፈናቸው ወደ «ሬዲዮ ጋ ጋ» ተሻገሩ፤ ቴፕ የሚያስፈልገው የኦፔራ ክፍል ለዚያች አጭር ሰዓት አይሆንም ነበር።

ይህን ስናደንቅ ግን የቀደመውን ዓመት መዝለል አይገባም። ኩዊን በኦክቶበር 1984 አፓርታይድ በነበረባት ደቡብ አፍሪካ፣ ሰን ሲቲ በተባለው መዝናኛ ተጫውተዋል። የተባበሩት መንግሥታት ጥቁር መዝገብ ውስጥ ገቡ፤ የእንግሊዝ ሙዚቀኞች ማኅበርም የገንዘብ ቅጣት ጣለባቸው። በዚያው ወር፣ ኦክቶበር 23፣ ጋዜጠኛው ማይክል ቡርክና ካሜራማኑ መሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት የረሃብ ዘገባ በቢቢሲ ተላለፈ። በኖቬምበር ለኢትዮጵያ በተቀረጸው የባንድ ኤይድ ዘፈን ውስጥ ኩዊን የሉም። ስለ ባንዱ በአማርኛ የሚጻፍ ነገር ሁለቱንም መድረኮች አንድ ላይ ማስቀመጥ አለበት፤ አፍሪካዊ አንባቢ አንዱን ብቻ ሊነገረው አይገባም።

አንድ የተለመደ ስህተትም ላርም። በላይቭ ኤይድ ምሽት ሜርኩሪና ሜይ ሁለቱ ብቻ ተመልሰው «ኢዝ ዚስ ዘ ወርልድ ዊ ክሪዬትድ»ን ተጫውተዋል፤ ስለ ተራቡ ልጆች የሚናገር ዘፈን ስለሆነ ብዙዎች ለዚያ ቀን የተጻፈ ይመስላቸዋል። ዘፈኑ ያለው በፌብሩዋሪ 1984 በወጣው አልበም ላይ ነው፤ ከኮረሙ ዘገባ ስምንት ወር ይቀድማል።