ወንበር ነው የጠየቅነው

አቦ ዛሬስ በቃኝ! እግሬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ነው የምጽፈው። የሱፐርማርኬት ካሸር ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው። እጄ ደንዝዟል፣ ፊደል ብገድፍ እለፉኝ።

የድሬን የከሰዓት ሙቀት ታውቁታላችሁ። ከተማው ባርጫ ላይ ነው፣ ሱቁ ጭር ብሏል። ወገቤ ሊበጠስ ሲደርስ ባዶ የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ ቁጭ አልኩ። ሱፐርቫይዘሩ ከየት መጣ ሳልለው "ምነው፣ ቡና ልታፈዪ ነው?" አለኝ። "ወገቤን አሞኝ ነው" ስለው፣ ገና የገቡ ደንበኞች እየሰሙ "በዚህ ዕድሜሽ ምን ወገብ አለሽና ነው? መቀመጥ የፈለገ ቤቱ ይቀመጥ!" ብሎ ሳጥኑን በእግሩ ገፋው። እሱ ራሱ ቀኑን ሙሉ ቬንትሌተር ስር ተቀምጦ ነው የሚውለው! አንዲት እናት "ኧረ ተው ልጄ፣ ትቀመጥ፣ ምን አጠፋች?" ባይሉልኝ እዚያው አለቅስ ነበር።

ሰው ካሸርነት ጢጥ ጢጥ ማድረግ ብቻ ይመስለዋል። ባለ 5 ሊትሩን ዘይት በቀኝ ትቀበያለሽ፣ ባርኮዱን ፍለጋ አንጓሽን ታጣምሚያለሽ፣ ከወገብሽ ዞረሽ በግራ ታስቀምጫለሽ። ቀጥሎ ዱቄት፣ ቀጥሎ የውሃ እሽግ። ሁሌ በዚያው ጎን፣ ሁሌ ቆመሽ። ማታ አውራ ጣቴ፣ ጠቋሚዬና የመሃል ጣቴ እየደነዘዙ ይቀሰቅሱኛል። እጄን አራግፌ አራግፌ ነው መልሼ የምተኛው። ጠዋት ጀበና ማንሳት ያቅተኛል። ጤና ጣቢያ ስሄድ አስረዱኝ፦ አንጓ ላይ በጠባብ መተላለፊያ የሚያልፈው ነርቭ ተጭኗል፣ ያንኑ እንቅስቃሴ መደጋገም ያባብሰዋል፣ እጅሽን አሳርፊው። ወረቀቱን ሳቀርብ የሱፐርቫይዘሩ መልስ ምን መሰላችሁ? "ወረቀትማ ሁሉም ያመጣል።"

 

ሕጉንም አንብቤዋለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ጤንነትና ደህንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። በሕመም ፈቃድ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ ይከፈላል። ግን ይህን አንስቶ የሚከራከር ማን ነው? ኮንትራቱ እንዳይታደስ የሚፈልግ የለም፣ ሁላችንም ዝም። ካሸር ከተቀመጠ ደንበኛ ተናቅሁ ይላል ይሉናል። ጀርመን አገር እኮ ካሸር ተቀምጦ ነው የሚሠራው፤ ደንበኛው ተናቅሁ ብሎ አልሸሸም። እኛ ደሞዝ ጨምሩልን እንኳን አላልንም። የጠየቅነው መደገፊያ ያለው ወንበር፣ ከባዱ ዕቃ ጋሪው ላይ እንዳለ የምናነብበት የእጅ ስካነር፣ በመሃል ትንሽ እረፍት። "እናያለን" ተብለን ይኸው አለን።

ደክሞኛል፣ እውነቴን ነው። የቤት ኪራይ ባይኖርብኝ ነገ አልገባም ነበር። ግን እገባለሁ። እናንተ ለገበያ ስትመጡ ባርኮዱን ወደ ካሸሯ አዙራችሁ አስቀምጡላት፣ ከባዱን ራሳችሁ አንሱት። ተቀምጣ ካገኛችኋትና አለቃዋ ከመጣ ደግሞ "እኛ ነን ተቀመጪ ያልናት" በሉልን።