ችግኙ ከተተከለ በኋላ የት ናችሁ?

ይሄን ነገር ሆዴ ውስጥ ይዤው ከርሜያለሁ። አሁን ግን ካልተናገርኩት አይወጣልኝም። የጅማ ልጆች፣ በተለይ በየክረምቱ አዌቱ ወንዝ ዳር ዶማ ይዛችሁ ፎቶ የምትነሱ፣ እባካችሁ ሳትቸኩሉ አንብቡልኝ።

ከተማችን ውስጥ በአካባቢ ጥበቃ ከምንሠራ በጎ ፈቃደኞች አንዱ ነኝ። ማኅበራችን ትንሽ ነው። ቢሮ የለው፣ መኪና የለው። ያለን ጥቂት አካፋና ዶማ፣ ከየቤታችን ያመጣነው ጀሪካን፣ እና ቅዳሜ ጠዋት እንቅልፉን ትቶ የሚመጣ ጥቂት ሰው ነው። ወንዝ ዳር እናጸዳለን፣ ችግኝ እንተክላለን፣ የተከልነውን እንንከባከባለን። የኔ ብሶት ያለው እዚህ መጨረሻው ላይ ነው።

ለተከላ ሰው ሞልቷል። ሐምሌ ላይ አዌቱ ዳር መቆሚያ ይጠፋል። ጥር ላይ ውሃ የሚያጠጣ ሰው ፈልጉ ብትባሉ ግን ጣታችሁ ላይ ቆጥራችሁ ትጨርሱታላችሁ።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል እኔም እንደ ሁሉም ሰው ደስ ብሎኛል። ሐምሌ 10 ቀን 2015 ደግሞ ከ566 ሚሊዮን በላይ ተባለ። ከቁጥሩ ጋር ጠብ የለኝም። ሰው ለዛፍ ብሎ ከቤቱ መውጣቱ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ቁጥሩ የሚነገረን የተተከለ ዕለት ነው። ከዚያ ውስጥ ስንቱ ጸደቀ? እኛ ሰፈር ያለውን እንኳ የካቲት ላይ ወርዶ የቆጠረ ሰው አላየሁም። ቆጥሮ የሚነግረን ቢኖር ኖሮ ብዙ ነገር ይስተካከል ነበር።

ባለፈው ክረምት የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ መሥሪያ ቤት «አብረን እንትከል» ብሎ ጠራን። ደስ ብሎን ሄድን። ቦታውን ቀድመን መንጥረን፣ ጉድጓዱንም ቀድመን ቆፍረን ጠበቅናቸው። አውቶቡስ ሙሉ ሰው መጣ። ሁሉም አንድ ዓይነት ቲሸርት፣ አንድ ዓይነት ኮፍያ። ድንኳን ተተከለ፣ ሞንታርቦ ተደረደረ፣ ባነር ተሰቀለ። ከዚያ ንግግር ተጀመረ። አንዱ ጨረሰ ሲባል ሌላው ይነሳል። ችግኙ ያን ሁሉ ጊዜ አይሱዙ ላይ እንደተጫነ ነው። ዝናቡ ጋብ ሲል የጅማ ፀሐይ እንዴት እንደምታቃጥል ታውቃላችሁ። ቅጠሉ ሲጠወልግ እያየን «እባካችሁ ቢያንስ ጥላ ሥር እናውርደው» አልን። «ፕሮግራሙ ይለቅ» ተባልን።

ተከላው ራሱ ከንግግሩ ያነሰ ጊዜ ነው የወሰደው። ካሜራ ያለበት ጋ ሰው ይጋፋል። አንዷን ችግኝ ለአምስት ይዘው ይነሳሉ። ካሜራው ሲሄድ ሰዉም ወደ አውቶቡሱ ሄደ። ያልተተከለው ችግኝ እዚያው ተከምሮ ቀረ። እኛ ማዳበሪያ ይዘን የሃይላንድ ጠርሙስና የብስኩት ላስቲክ ስንለቅም መሸ። አካባቢ ጥበቃ ተብሎ በተመጣበት ቦታ! ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ጥር ላይ ወደዚያው ቦታ ስንመለስ አብዛኛው ደርቋል። ከደረቁት አንዱን ያዝ አድርጌ ሳብ ሳደርገው ያለ ምንም ትግል ወጣ። ከነጥቁር ፕላስቲኩ! ሥሩ መሄጃ አጥቶ ፕላስቲኩ ውስጥ ዙሪያውን ተጠምጥሟል፣ ከታች ደርሶ ታጥፎ ወደ ላይ ተመልሷል። አፈሩ እንደ ጡብ ጠጥሯል። አጠገቡ ያለውንም ሳብኩት። እንደዚያው። ቀጥሎ ያለውም እንደዚያው። ዋንዛ ነበር እኮ! ለቡና ጥላ የሚሆን፣ ንብ የሚወደው፣ ጣውላው የሚፈለግ አገር በቀል ዛፍ። አንዱን ችግኝ ለማፍላት የችግኝ ጣቢያ ሴቶች ስንት ወር እንደሚለፉ ሄዳችሁ እዩ። አፈር ነፍተው፣ ፖት ሞልተው፣ ዘር ዘርተው፣ ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጥተው፣ አረም ነቅለው። እኛ ደግሞ ተቀብለን ከነፕላስቲኩ ቀበርነው። ፕላስቲኩን በምላጭ ቀዶ ማውጣት ፎቶ ለመነሳት የሚፈጀውን ያህል ጊዜ እንኳ አይፈጅም። ግን ለመጣው ሰው አንድም አሳዪ አልተመደበም። ለመድረክ መሪ ግን ተመድቧል።

እዚያው አጠገብ የሚኖሩ እናት አሉ። ዘንድሮ ለመትከል ቦታ ልናይ ስንሄድ ከበራቸው ሆነው ተጣሩ።

«ልጄ፣ ዘንድሮም እዚሁ ልትተክሉ ነው?»

«አዎ እማማ።»

«አምናም እዚሁ ጉድጓድ ላይ ነበር እኮ። ካቻምናም። እኔ እንጃ፣ የምትተክሉት ለከብት ነው ወይስ ለሰው?»

መልስ አልነበረኝም። እኚህ ሴት ግን ከቤታቸው ፊት ለፊት ያሉትን አራት ችግኞች በእቃ እጣቢ ውሃ አሳድገዋቸዋል። እሾህ ቆርጠው ዙሪያውን አጥረውላቸዋል። አንዱ ዶቅማ አሁን ከኔ ቁመት በላይ ሆኗል። ማንም አላዘዛቸውም፣ ቲሸርትም አልተሰጣቸውም። ከዚያ ሁሉ ተከላ በደንብ የጸደቀው እሳቸው በር ላይ ያለው ነው። መንገዱ ዳር ደግሞ የተከላው ሰሌዳ አለ። ዓመተ ምሕረቱና የችግኙ ብዛት ተጽፎበታል። ከኋላው ያለው ሣር ብቻ ነው።

አንዳንዱ ሰው «ጅማ እኮ ዝናብ አያጣም፣ ምን ውሃ ማጠጣት ያስፈልጋል?» ይላል። እውነት ነው፣ ጅማ ዝናብ የሚወዳት ከተማ ናት። ግን ኅዳር ገብቶ ዝናቡ ካቆመ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ሐምሌ ላይ ለተተከለ ጨቅላ ችግኝ ረጅም ነው። ሥሩ ገና ጥልቅ አልወረደም። በሳምንት አንድ ጊዜ ውሃ፣ ሥሩ ዙሪያ ትንሽ ጉዝጓዝ፣ አረሙ ሲያንቀው መንቀል። ሥራው ይሄው ነው። ከባድ አይደለም። ግን ካሜራ አይመጣም።

የቴሌግራም ግሩፓችን ውስጥ ብዙ ሰው አለ። ሐምሌ ላይ «ነገ ተከላ አለ» ስንል መልሱ ይዥጎደጎዳል። «አለሁ»፣ «ከነጓደኞቼ»፣ «ቲሸርት አስቀምጡልኝ»። ታኅሣሥ ላይ «ቅዳሜ ውሃ እናጠጣለን» ስንል ግሩፑ ጸጥ ይላል። ሰው መልእክቱን እንዳየው እናውቃለን። ጠዋት የምንገኘው ያው የምንገኘው ነን። አንዷ ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ሱቅ ስትሸጥ ከርማ፣ እረፍቷን ትታ ሁለት ሁለት ጀሪካን ይዛ ከወንዝ ሽቅብ ትመላለሳለች። እሷን ሳይ ነው በሌላው የምበሳጨው።

ከዚህ ሁሉ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለ፣ ሰው ሲጠይቀኝ ደሜ የሚፈላው። «አበሉ ስንት ነው?» የለም ስል አያምኑኝም። «እንዴ፣ ያለ ነገር እንደዚህ አትለፋም፤ ከኋላህ ኤንጂኦ አለ» ይሉኛል። ሥራ ያጣ ወጣት ቢጠይቀኝ አልከፋም፣ ኑሮው ይገባኛል። እሱ ለትራንስፖርት የሚያወጣውም ያሳስበዋል። የሚያናድደኝ ደህና ደሞዝ ያለው ሰው፣ ቅዳሜውን ቁጭ ብሎ የሚውል፣ የኛን ቅዳሜ ሊተምን ሲነሳ ነው። ለገዛ ከተማህ፣ ለገዛ ወንዝህ ያለ ክፍያ መሥራት ምኑ ነው የማይታመነው? አባቶቻችን ደቦ ሲወጡ አበል ፈርመው ነው እንዴ?

ስለ ከብቱም ላንሳ፣ ሁልጊዜ ጥፋቱ እሱ ላይ ስለሚላከክ። አዎ፣ ከብት ገብቶ ችግኝ በልቷል። አንዱን ባለ ከብት ሄደን ስናናግረው «ወንድሞቼ፣ እኔ እኮ ዛፍ አልጠላም፤ ግጦሹ ሁሉ አልቆ የቀረኝ ይሄ ወንዝ ዳር ነው፣ የት ልውሰዳቸው?» አለን። ሰውየው ልክ ነው። ማንም ከተከላው በፊት መጥቶ አላነጋገረውም። በኋላ ቁጭ ብለን ስንነጋገር፣ ሣሩን አጭዶ እንዲወስድ፣ ከብቱን ግን እንዳያስገባ ተስማማን። በቃሉም ተገኝቷል። አንድ ከሰዓት ቡና ጠጥቶ መነጋገር የሚፈታውን ነገር በየዓመቱ በቲሸርት ልንፈታው እንሞክራለን።

አዌቱን ካነሳሁ አይቀር ፌስታሉን ሳልል አላልፍም። ቅዳሜ አጽድተን እንሄዳለን። ሰኞ ስትመጡ ድልድዩ ሥር ተመልሶ ሞልቷል። ያውም አስሮ ወርውሮት ነው እኮ፣ በጨለማ። ስስ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ የሚለው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ የወጣው በ1999 ነው፤ አዋጅ ቁጥር 513። በ2017 ደግሞ ፌስታልን ጭራሽ የሚከለክል አዋጅ ጸድቋል። እኛ ግን ዛሬም ከወንዙ የምናወጣው እሱኑ ነው። አዌቱ ደግሞ ቆሻሻውን ይዞ የትም አይጠፋም። ከተማውን አቋርጦ ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርዳል። ከዚያ ግልገል ጊቤ፣ ከዚያ ጊቤ፣ ከዚያ ኦሞ እያለ ቱርካና ድረስ ይሄዳል። ቦዬ ጉማሬ ያለበት፣ ስንት ወፍ የሚያርፍበት ቦታ ነው። በአንድ በኩል ለጡብ ጭቃ እየተቆፈረ፣ በሌላ በኩል የከተማው ቆሻሻ እየገባበት ነው ያለው። እንዲህ ዓይነቱ ረግረግ ቆሻሻ ውሃ የሚያጣራ፣ ጎርፍ የሚይዝ ነው። በየቤታችን ቡና ሲፈላ የምንጎዘጉዘው ቄጤማም የረግረግ በረከት ነው። ወንዙ ዳር ዛፍ ሳይኖር ሲቀር ደግሞ ዝናቡ አፈሩን አጥቦ ቁልቁል ይወስደዋል። ግልገል ጊቤ ግድብ ውስጥ የሚሞላው ደለል ከላይ ከኛ አካባቢ፣ ከተራቆተው መሬት የሚወርድ አፈር ነው። ስለዚህ «አንዲት ችግኝ ብትደርቅ ምን አለበት» አትበሉኝ። ወንዝ ዳር ያለች ችግኝ ስትደርቅ አለበት።

የሚተከለውም ነገር ቢታሰብበት። ወንዝ አፋፍ ላይ ባሕር ዛፍ አምጥቶ መደርደር ምን የሚሉት ነው? ቶሎ ስለሚያድግ፣ ለሪፖርት ስለሚያምር? ውሃ የሚስብ ዛፍ ነው፣ ሥሩም ዙሪያ ሌላ ነገር እንደልብ አይበቅልም። ዶቅማ አለ፣ ሾላ አለ፣ ሰሳ አለ፣ ቀርከሃ አለ። የአካባቢውን ገበሬ ጠይቁ፣ የትኛው የት እንደሚጸድቅ ይነግራችኋል።

እኔ ከማንም ገንዘብ አልለምንም። ለተከላ የምታወጡትን ገንዘብ ብቻ አካፍሉት። የቲሸርቱን፣ የድንኳኑን ኪራይ፣ የሞንታርቦውን፣ የታሸገ ውሃውን ግማሽ አስቀሩና ለአጥር እንጨት፣ ለጀሪካን፣ እስከ የካቲት ለሚጠብቅ አንድ ሰው ደሞዝ አድርጉት። ሰፈሩ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ሞልቷል። አንድ ሺህ ተክላችሁ ከምታደርቁ መቶ ተክላችሁ መቶውን አሳድጉ። ሰሌዳው ላይም የጸደቀውን ጻፉበት፣ በየዓመቱ እየተቆጠረ።

በጎ ፈቃደኛ ነኝ የምትሉ ጓደኞቼ ደግሞ፣ ሐምሌን ለእንግዶች ተዉላቸው። ጥርን ያዙልን። ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ይጀመራል፣ አራት ሰዓት ላይ ያልቃል። ጀሪካን ካላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ ከሌላችሁ እንሰጣችኋለን።

ዘንድሮም ክረምቱ ሲቃረብ ስልካችን መጥራቱ አይቀርም። ከአሁን በኋላ «አብረን እንትከል» ለሚለን ሁሉ ጉድጓድ ከመቆፈራችን በፊት የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። ዝናቡ ሲያቆም ውሃ የሚያጠጣው ማነው? የሰውየውን ስምና ስልክ ይዛችሁ ደውሉልን።