ወርቁ ከተጠባባቂ ወንበር የመጣ ቡድን "ተሻሽለናል" አይበል

ከ2016ቱ (እ.ኤ.አ. 2024) የፓሪስ ኦሊምፒክ መልስ የኢትዮጵያን አትሌቲክስ በሚመሩ ሰዎች ዙሪያ አንድ ሒሳብ ይደጋገማል። ቶኪዮ ላይ 1 ወርቅ፣ 1 ብር፣ 2 ነሐስ፤ ፓሪስ ላይ 1 ወርቅ፣ 3 ብር፤ ስለዚህ ተሻሽለናል ይሉናል። በዚህ ስሌት የሚጽናና ሰው ወርቁ ከማን እግር እንደመጣ ረስቷል፤ ካልረሳም እኛ እንድንረሳለት ይፈልጋል።

ታምራት ቶላ ለማራቶኑ ከተመረጡት ሦስቱ አንዱ አልነበረም። ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ ባይጎዳ ኖሮ የነሐሴ 4ቱን ውድድር እንደማንኛችንም በቴሌቪዥን ያይ ነበር። ኬንያዊው ሳሙኤል ዋንጂሩ ቤጂንግ ላይ ያስመዘገበውን የ2:06:32 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን በ2:06:26 የሰበረው፣ ከገዛኸኝ አበራ የሲድኒ ድል ወዲህ የራቀንን የወንዶች ማራቶን ወርቅ ያመጣው ተጠባባቂው ነው። እሱን ከሒሳቡ አውጡትና ወርቁን እንደገና ቁጠሩ። ዜሮ ነው።

ለምን ተጠባባቂ ሆነ? ምርጫው በሰዓት ስለሆነ። ሲሳይ ቫሌንሲያ ላይ 2:01:48፣ ደሬሳ ገለታ ሴቪያ ላይ 2:03:27፣ ቀነኒሳ በቀለ ለንደን ላይ 2:04:15 ሮጠዋል። ቫሌንሲያና ሴቪያ ጠፍጣፋ፣ ለሰዓት ተብለው የተሠሩ ጎዳናዎች ናቸው። የፓሪሱ ማራቶን በድምሩ 436 ሜትር ሽቅብ ያስወጣል፤ ከ28ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ያለው ዳገት እስከ 13.5 በመቶ ይቆማል። ታምራት ድልድይ በድልድይ የሆነውን የኒውዮርክ ማራቶን ከ9 ወር በፊት በ2:04:58 የቦታውን ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸንፏል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ኦሪገን ላይም የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ሲሳይም በዚያው ዓመት ቦስተንን ስላሸነፈ ቦታው ይገባው ነበር፤ ክርክሬ ስለ እሱ አይደለም። ቀነኒሳን መውደዳችንም ሌላ ጉዳይ ነው፤ 39ኛ ወጣ። የፓሪስን ዳገት ካርታ ላይ አይቶ ታምራትን ወንበር ላይ ያስቀመጠው ማን ነው?

ይኸው የሰዓት አምልኮ ትራኩንም በልቶታል። የ10,000 ሜትር ማጣሪያችን ሰኔ 7 ቀን ስፔን፣ ኔርሃ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ተካሄደ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ 27:00.00 የተባለውን የወንዶች ሚኒማ (ለመሳተፍ የሚጠየቀውን ሰዓት) ማምጣት ስለሚከብድ ወደ ዝቅታ መውረዱ ራሱ ስህተት አይደለም። ዮሚፍ ቀጀልቻ 26:31.01፣ በሪሁ አረጋዊ 26:31.13 ሮጡ። ድንቅ ሰዓት ነው። ነገር ግን ያ ውድድር የመረጠልን ገና ከጅምሩ ከርሮ የሚዘልቅ ዙርን የሚችል ሯጭ ነው። ኦሊምፒክ የሚጠይቀው ደወሉ ከተደወለ በኋላ ያለውን 400 ሜትር ነው።

ፓሪስ ላይ ምን ሆነ? ሦስቱ ልጆቻችን እየተቀባበሉ ዙሩን አከረሩት። የቡድን ሥራ ነው ተብሎ ተጨበጨበላቸው። እስቲ እንካፍለው፦ አሸናፊው ኡጋንዳዊ ጆሹዋ ቼፕቴጌ የገባበት 26:43.14 ለ25 ዙር ሲካፈል 64.1 ሰከንድ ይመጣል። የራሱ የቼፕቴጌ የዓለም ክብረ ወሰን 26:11.00 ደግሞ በዙር 62.8 ሰከንድ ነው። 62.8 የለመደን ሰው በ64 አደክመዋለሁ ማለት ከኋላ ተከልሎ እንዲያርፍ ማገዝ ነው። ነፋሱን የሚበላው ከፊት ያለው ነው፤ የሚደክመውም እሱ ነው። ባለ አጨራረስን መስበር የሚቻለው ዙሩን በማቆራረጥ ነው፦ አንዱን በ60፣ ተከታዩን በ66፣ እንደገና በ61፤ ተከታዩ እርምጃውን ማስተካከል እስኪያቅተው ድረስ። ያን ዓይነት ውድድር ኔርሃ ላይ አልተለማመዱም። በሪሁ ብሩን ያገኘው በመጨረሻው ቀጥታ ከኋላ ተስፈንጥሮ ነው፤ አሜሪካዊውን ግራንት ፊሸርን የቀደመው በ0.02 ሰከንድ ብቻ ነው። ዮሚፍ 6ኛ፣ ሰለሞን ባረጋ 7ኛ።

ሚሊዮን ወልዴ ሲድኒ ላይ የ5,000 ሜትር ወርቅ የወሰደው በስንት ሰዓት ነበር? 13:35.49። በፓሪሱ የ13:05.00 ሚኒማ ቢለካ ያ ሰዓት በር ላይ ይመለሳል። ኃይሌ እዚያው ሲድኒ ላይ በ10,000 ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው። ያ ትውልድ ሰዓት አልነበረውም ማለቴ አይደለም፤ ክብረ ወሰን ሰባሪዎች ነበሩ። ነገር ግን ሲጨርሱ ይታወቁ ነበር፤ ኬንያውያን የሚፈሯቸውም ለዚያ ነበር። ዛሬ በሴቶች 10,000 ሜትር ጣልያናዊቷ ናዲያ ባቶክሌቲ በመጨረሻው ዙር የእኛን ልጆች ጥላ ሄዳ ብር ትወስዳለች፤ እኛ ደግሞ የዓመቱን ፈጣን ሰዓቶች ዝርዝር እናነባለን።

አጨራረስ ከሰማይ አይወርድም። ሱሉልታ ከ2,600 ሜትር በላይ ነው፤ እንጦጦ ከዚያም ይብሳል። እዚያ 400 ሜትርን በሙሉ ፍጥነት ስትደጋግም እግር ሳይጠግብ ትንፋሽ ያልቃል፤ ስለዚህ ድግግሞሹ ከውድድሩ ፍጥነት በታች ይወርዳል። ለፍጥነት ወደ አቃቂ ወይም ከዚያ ዝቅ ወዳለ ቦታ፣ ያውም ትራክ ላይ መሥራት ያስፈልጋል። ትራኩ የት ነበር? ከፓሪስ በፊት የአዲስ አበባ ስታዲየም ለዓመታት ለእድሳት ተዘግቶ ነበር። ሌላው ጥፋት የፍጥነት ልምምድ ለብቻው ቀን፣ በታደሰ እግር መሠራቱ ነው። የሚጠቅመው በድካም ላይ የተሠራው ነው፦ 5 ጊዜ 1,000 ሜትር በ2:40፣ በየመሃሉ 2 ደቂቃ እረፍት፤ ከዚያ ሳይቀዘቅዙ 3 ጊዜ 300 ሜትር በ40 ሰከንድ። ሦስተኛው 300 ወደ 43 ከተንሸራተተ ሯጩ ለፍጻሜ ውድድር አልደረሰም፤ የኔርሃ ሰዓቱ ምንም ይሁን።

ወደ ጉዳፍ ፀጋይ እንምጣ። በ1,500፣ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር አሰለፏት። መርሐ ግብሩ ቀድሞ የወጣ ነው፤ ማንም መደመር ይችል ነበር። ሐምሌ 26 የ5,000 ማጣሪያ፣ ሐምሌ 29 ፍጻሜ፣ በማግስቱ የ1,500 ማጣሪያ፣ ነሐሴ 2 ግማሽ ፍጻሜ፣ ነሐሴ 3 ማታ የ10,000 ፍጻሜ፣ ነሐሴ 4 ማታ፣ 24 ሰዓት ሳይሞላ፣ የ1,500 ፍጻሜ። በ9 ቀን ውስጥ 6 ውድድር። በ5,000 9ኛ፣ በ10,000 6ኛ፣ በ1,500 12ኛ ወጣች፤ 12ኛዋ የመጨረሻዋ ናት። የያኔዋን የ5,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት ባዶ እጇን መመለስ ራሱን የቻለ ችሎታ ይጠይቃል።

የውሳኔው ጠበቆች "ሲፋን ሐሰንስ ሦስት ርቀት ሮጣ የለም ወይ?" ይላሉ። ከተሰሙት መከላከያዎች ሁሉ ይሄኛው በጣም ያናድዳል። ሲፋን በአራት ርቀት ተመዝግባ ነበር፤ ውድድሩ ሲቃረብ አንዱን ተወች። የተወችው የትኛውን ነው? 1,500ን። ምክንያቱም 1,500 ለአንድ ሜዳልያ ሦስት ጊዜ ያስሮጣል፣ ሦስቱም በሙሉ ፍጥነት። የቀሯት አራት ውድድሮች ናቸው፤ በትራኩ ላይ ከኋላ ተደብቃ እየተጎተተች እስከ መጨረሻው ዙር ቆየች። ጉዳፍ ግን በ1,500 ፍጻሜ ከፊት ሆና ዙሩን አከረረች። ለአገሯ ልጅ ለድርቤ ወልተጂ መስዋዕት ሆነች የሚሉም አሉ። ከዚያ ዙር የተጠቀመችው በ3:51.29 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የሰበረችው ፌይዝ ኪፕዬጎን ናት፤ ድርቤ በ0.14 ሰከንድ ነሐስ አምልጧት 4ኛ ወጣች።

ለሜቻ ግርማ በመሰናክል ፍጻሜ የመጨረሻ ዙር ላይ መውደቁን በማንም ላይ አላሳብብም፤ አደጋ ነው። የትዕግስት አሰፋ ማራቶን ግን የ3 ሰከንድ ጉዳይ ነው። ያሸነፈቻት ሲፋን ገፍታታለች ተብሎ የቀረበው ይግባኝ ውድቅ ሆኗል፤ ስለ ግፊያው መነታረኩን ትተን ከ42 ኪሎ ሜትር በኋላ ማን ፍጥነት እንደቀረው እንጠይቅ። ከብሮቹ ሁሉ የምኮራበት የጽጌ ዱጉማ የ800 ሜትር ብር ነው፤ በዚህ ርቀት የኦሊምፒክ ሜዳልያ አይተን አናውቅም ነበር። ጽጌ ከየት መጣች? ከ400 ሜትር። በማንም የረጅም ርቀት እቅድ ውስጥ ያልነበረችው የፍጥነት ልጅ ናት ብሩን ይዛ የተመለሰችው።

ከፊታችን ሌላ የዓለም ሻምፒዮና አለ። ማጣሪያው ሁለት ውድድር ይሁን፦ አንዱ ለሚኒማ፣ ሌላው ያለ አሯሯጭ፣ ሰዓቱ የማይቆጠርበት፣ ደረጃ ብቻ የሚታይበት። ለማራቶን የቦታው ዳገትና ሙቀት በምርጫው መስፈርት ውስጥ በጽሑፍ ይግባ። አንድ አትሌት በስንት ርቀት መሰለፍ እንደሚችል ከማጣሪያው በፊት ይወሰን። ዝርዝሩ ሲለጠፍም የመረጡት ሰዎች ስም ከግርጌው ይጻፍ።