የሞተር ጃኬት ከውስጥ ተገልብጦ ይመዘን

በባሕር ዳር የሞተር ሳይክል ጃኬት ሲሸጥ፣ በሱቅም ሆነ በሰልባጅ ተራ፣ ገዢና ሻጭ በአብዛኛው የሚከራከሩት በዋጋውና «ኦርጅናል ነው ወይስ ፎርጅድ» በሚለው ላይ ነው። ዋጋው የነጋዴውን ወጪና የምንዛሬውን ሁኔታ ይናገራል፤ ደረት ላይ የተለጠፈውን ስም ደግሞ ማንም ሊያሳትመው ይችላል። ሰው ከሞተር ወድቆ አስፋልት ላይ ሲንሸራተት ልብሱ ምን እንደሚሆን ግን ሁለቱም አይናገሩም፤ በእኔ እምነት የጥራቱም የዋጋውም ክርክር መጀመር ያለበት ከዚያ ነው።

ሞተረኛ ሲወድቅ ትከሻው፣ ክርኑ ወይም ጉልበቱ መጀመሪያ መሬቱን ይመታል፤ ከዚያም አካሉ እስኪቆም ድረስ መሬቱ ይፍቀዋል። ተራ ጂንስ በከተማ ፍጥነት እንኳ ይህን ፍቅታ ብዙም አይቋቋምም፤ ስስ ናይለን ወይም ፖሊስተር ደግሞ በፍትጊያው ሙቀት ቀልጦ ቁስል ላይ ሊጣበቅ ይችላል። ስለዚህ ጃኬትን «ወፍራም ነው» ወይም «ከብርድ ያድናል» ብሎ መመዘን አይበቃም።

ኢኤን 17092 የተባለው የአውሮፓ መመዘኛ ልብሱን ራሱን ይፈትናል። ሦስት ኤ (AAA)፣ ሁለት ኤ (AA) እና አንድ ኤ (A) የሚባሉት ደረጃዎች፣ ልብሱ ይበልጥ ለመፋቅ በሚጋለጥበት ቦታ በቅደም ተከተል በ120፣ በ70 እና በ45 ኪሎ ሜትር በሰዓት ፍጥነት ተፈትኖ ማለፉን ያመለክታሉ፤ ቢ የሚባለው ከአንድ ኤ የሚለየው የግጭት መከላከያ፣ ማለትም ትከሻና ክርን ላይ የሚገባው ምት የሚያለዝብ ንጣፍ፣ ስለሌለው ነው። ከተማው ውስጥ ከጊዮርጊስ እስከ ፔዳ ግቢ ለሚመላለስ ሰው አንድ ኤ ትርጉም ያለው ጥበቃ ይሰጣል፤ በሐሙሲትና በወረታ በኩል ወደ ጎንደር ለሚወጣ ሰው ግን ከሁለት ኤ በታች የሆነውን አልመክርም።

ገዢዎች በብዛት የሚሳሳቱት በምልክቱ ላይ ነው። ሻጩ እጁን በጃኬቱ የክርን ኪስ ውስጥ አስገብቶ መከላከያውን ያወጣና «ይኸው፣ የአውሮፓ ማኅተም አለው» ይላል። በመከላከያው ላይ የታተመው አብዛኛውን ጊዜ ኢኤን 1621-1 የሚለው የመከላከያው የራሱ መመዘኛ ሲሆን፣ አጠገቡ ደረጃ 1 ወይም ደረጃ 2 መሆኑ ይጻፋል። ደረጃ 1 ወደ አካል የሚያልፈው የግጭት ኃይል በአማካይ ከ35 ኪሎ ኒውተን እንዳይበልጥ ይጠይቃል፤ ደረጃ 2 ደግሞ ከ20። ይህ መረጃ እውነተኛና ጠቃሚ ቢሆንም የሚመሰክረው ለመከላከያው ብቻ ነው፤ ጥሩ መከላከያ በሻሽ በሚመስል ጨርቅ ውስጥ ተሰፍቶ ሊሸጥ ይችላል። የልብሱ የራሱ ደረጃ የሚገኘው ከውስጥ በኩል በተሰፋው፣ የሞተረኛ ሥዕልና የደረጃው ፊደል ባለበት ምልክት ላይ ነው። ያም ቢሆን በፎርጅድ ሊሠራ ስለሚችል ዓይንና እጅ ሥራቸውን መሥራት አለባቸው።

ጃኬቱን ገልብጡት። ትከሻውን ከእጅጌው የሚያገናኘው ስፌት አንድ መስመር ብቻ ከሆነ፣ ጨርቁ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን ሲወድቁ መጀመሪያ የሚከፈተው እዚያ ነው። ስፌቱን በሁለት እጅ ወዲያና ወዲህ ስትስቡት ክሩ መሃል ብርሃን ከታየ ተዉት። ቀጥሎ ልበሱትና መሪ እንደያዘ ሰው እጃችሁን ዘርግታችሁ ሌላ ሰው የክርኑን መከላከያ ይዞ እንዲያዞረው ጠይቁ። ወደ ጎን ከሸሸ፣ ደረጃ 2 መሆኑ በወደቃችሁ ጊዜ አይጠቅማችሁም።

«ቆዳ ከሆነ በቃ» የሚለው አባባልም መታረም አለበት። የሀገራችን የበግ ቆዳ በስስነቱና በጥንካሬው ለጓንት በዓለም ገበያ የሚፈለግ ነው፤ ለፋሽን ተብሎ የሚሰፋው ስስ ጃኬት ግን ለሞተር ከሚመረጠው ከ1.2 እስከ 1.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው የከብት ቆዳ ጋር አይወዳደርም። ውፍረቱን በኪሱ ወይም በዚፑ ጥግ በተቆረጠው ጠርዝ ማየት ይቻላል፤ እጥፍ ሲያደርጉት ቀለሙ የሚሰነጠቅ ከሆነም ከላይ የተቀባው ቀለም ደካማ ቆዳን ሸፍኖ ሊሆን ይችላል።

ዋጋን በተመለከተ፣ የማይለበስ ጃኬት በማንኛውም ዋጋ ውድ ነው። ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ በሚጠጋበት በመጋቢትና በሚያዝያ ወፍራም ጥቁር ጃኬት ቤት ተሰቅሎ ይውላል፤ ሞተረኛው ግን በካናቴራ መንዳቱን አይተውም። ስለዚህ ለእኛ ከተማ አየር የሚያስገባ፣ ትከሻና ክርኑ ላይ ግን ጠንካራ የሆነ ልብስ፣ በክረምት ከላዩ ከሚደረብ የዝናብ ልብስ ጋር ተዳምሮ፣ ከአንድ ውድ ጃኬት የበለጠ ቀን ያገለግላል። ገንዘብ ካጠረ ከጃኬት በፊት ሄልሜት፣ ጓንትና ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ ይቀድማሉ፤ ሰው ሲወድቅ ሳያስበው እጁን ስለሚያስቀድም ጓንትን እንደ ትርፍ ነገር ማየት አይገባም። ስፌቱ ያልላላ የሰልባጅ ጃኬት መግዛት ብልህነት ነው። የሰልባጅ ሄልሜት መግዛት ግን አይደለም፤ ግጭት የሚውጠው የውስጥ ፎም አንዴ ከተጨፈለቀ አይመለስም፣ ጉዳቱም ከውጭ ላይታይ ይችላል።

ይህ ሁሉ ሸክም በገዢው ላይ ብቻ መውደቁ አግባብ አይመስለኝም። ከተማችን የቆዳ ፋብሪካ አላት፤ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም የጨርቅንና የስፌትን ጥንካሬ ማጥናት ሙያው ነው። ኢንስቲትዩቱ በገበያ ላይ ያሉትን ጃኬቶች ገዝቶ ፈትኖ ውጤቱን በአማርኛ ቢያወጣ፣ የከተማዋ የቆዳ ሰፊዎችም ወፍራም የከብት ቆዳ በድርብ ስፌት ሰፍተው ለመከላከያው ልክ የሆነ ኪስ ቢተዉለት፣ ሞተረኛው ከውጭ የሚያስመጣው መከላከያውን ብቻ ይሆናል፤ ስፌቱ ሲላላም ጃኬቱን ለሰፋለት ሰው መልሶ ያሳድሰዋል።