የኳርተርባክ ጉዳትና የውድድር ዓመት
በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል ኳርተርባክ ማለት ኳስ እየወረወረ ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች ነው፤ «ዋናው ኳርተርባክ ከተጎዳ የቡድኑ የውድድር ዓመት አበቃለት» የሚለውን የአንድ ጸሐፊ ድምዳሜ ግን ለመቀበል እቸገራለሁ። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2014 ዋና ኳርተርባኩን ብራክስተን ሚለርን ገና ውድድሩ ሳይጀመር በትከሻ ጉዳት፣ ተተኪውን ጄ. ቲ. ባሬትን ደግሞ በሚሺጋኑ ጨዋታ በቁርጭምጭሚት ስብራት አጥቶ፣ ሦስተኛውን ካርዴል ጆንስን አሰልፎ ዊስኮንሲንን 59 ለ0 ከረታ በኋላ አላባማንና ኦሪገንን ጥሎ የአገሪቱን ዋንጫ አንሥቷል። እኔን ይልቅ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ የፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ነው፤ ኳርተርባኩ ጆርዳን ትራቪስ እ.ኤ.አ. በ2023 ኅዳር ላይ እግሩ ቢሰበርም ቡድኑ 13ቱንም ጨዋታ አሸንፎ ሳለ፣ ለዋንጫው የሚፋለሙትን አራት ቡድኖች የሚመርጠው ኮሚቴ ያለ ትራቪስ የቀድሞው ቡድን አይደለም በሚል እሱን ትቶ አንድ ጊዜ የተሸነፈውን አላባማን ከአራቱ ውስጥ አስገባ። ትራቪስም፣ ቡድኑ ከአንድ ኳርተርባክ በላይ መሆኑ እንዲታይ፣ እግሩ ቀደም ብሎ በተሰበረ ኖሮ ብሎ ተመኝቶ ነበር።