ስንት እንጀራ ትበላለች?

ድሮ ሰው ቤት ስሄድ ሁለት ኪሎ ብርቱካን ይበቃኝ ነበር። አሁን ብርቱካኑን በግራ፣ አሥር ሜትር ገመድ በቀኝ ይዤ ነው የማንኳኳው። ብርቱካኑ ለቤቱ ነው። ገመዱ ለመኪናዬ። "ግባ፣ ግባ፣ ተቀመጥ" ሲሉኝ ዓይኔ ወንበሩ ላይ አያርፍም፤ ግድግዳ ግድግዳውን ነው የማየው። ሶኬቱ ከበሩ ሩቅ ከሆነ ቡናው ራሱ አይጥመኝም።

የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት ነኝ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለከል፣ እኔ አሮጌዋን መኪናዬን ሸጬ ብር እያሰባሰብኩ ነበር። ምርጫ አልነበረኝም ብል ውሸት ነው። ያገለገለ የቤንዚን መኪና አዳማ ውስጥ ሞልቷል። የገፋኝ የማደያ ሰልፍ ነው። አንድ ቀን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተሰልፌ፣ ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ተራዬ ሲደርስ ቀጂው ልጅ እጁን አወዛወዘብኝ። አልቋል። እዚያው ቆሜ "ሁለተኛ!" ብዬ ማልኩ። ከማደያ ሰልፍ ወጥቼ የአከራዬ በረንዳ ላይ እንደምሰለፍ ማን ነገረኝ?

አከራዬን ሰፈሩ በሙሉ እማማ ነው የሚላቸው። ፍራንኮ አካባቢ ሰፊ ግቢ አላቸው። ከተማዋን ዛሬም ናዝሬት ነው የሚሏት። ግቢው ውስጥ ሦስት ተከራዮች አለን፤ ቆጣሪው ግን አንድ ነው። ወር ሲሞላ የመብራቱ ሒሳብ ለአራት ይካፈላል። እስከዚያች ምሽት ድረስ በዚህ አከፋፈል ያጉረመረመ አልነበረም።

በመስኮቴ ወጥቶ መኪናዋ ሆድ ውስጥ የገባውን ገመድ እማማ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

"ልጄ፣ ይኼ ምንድን ነው?"

"መኪናዋን ቻርጅ እያደረግኩ ነው፣ እማማ።"

"እንደ ስልክ?"

"እንደ ስልክ።"

"የኔ ስልክ በሁለት ሰዓት ይሞላል። እሷስ?"

"ከባዶ ከተነሣች . . . ሠላሳ ሰዓት ገደማ" አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

"ሠላሳ ሰዓት! ዶሮ ወጥ እንኳ ግማሽ ቀን ነው!"

እውነቴን ነው። የመኪናዬ ባትሪ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል። ተራ የቤት ሶኬት ደግሞ በሰዓት ሁለት ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው የሚሰጠኝ። በርሜል በስኒ መሙላት ማለት ነው። ሻጩ "ማታ ሰክተሃት ትተኛለህ፣ ጠዋት ሙሉ ሆና ታገኛታለህ" ብሎኝ ነበር። ስንት ሌሊት እንደምተኛ አልነገረኝም።

በሦስተኛው ቀን ምሽት እማማ የኤሌክትሪክ ምጣዳቸውን ለኮሱ። እኔ ይህን አላወቅኩም፤ ሰካሁ። ግቢው ውስጥ "ጧ!" የሚል ድምፅ ተሰማ። ብሬከሩ ወደቀ። ጨለማ ሆነ። ከማድ ቤት በኩል ለተወሰነ ጊዜ ዝምታ ነበር። ከዚያ እማማ በእጅ ባትሪ እየተመሩ መጡ። በአንድ እጃቸው ሰፌድ ይዘዋል። ሰፌዱ ላይ ነጭ፣ ልሙጥ፣ ሊጥ ሊጥ የሚል ነገር ተዘርግቷል። "ግቢዬ ውስጥ" አሉ፣ "ዓይን ያላወጣ እንጀራና ዓይን ያወጣ ተከራይ አብረው አይኖሩም።"

ሽምግልናውን የያዘችው ልጃቸው ናት። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ትማራለች። መጀመሪያ ኪሎ ዋት ሰዓት ምን እንደሆነ ልታስረዳቸው ሞከረች። እማማ ፊታቸውን አዞሩ። ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ መንገድ ቀየረች።

"እማዬ፣ ምጣድሽ በሰዓት ሦስት ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል እንበል። በሁለት ሰዓት ሠላሳ እንጀራ ትጋግሪበታለሽ። ስለዚህ አንዷ ኪሎ ዋት ሰዓት አምስት እንጀራ ናት።"

"እሺ።"

"የሱ መኪና ስትጠግብ 60 ትይዛለች።"

እማማ በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

"ሦስት መቶ እንጀራ? ሠርግ ነው እንዴ የደገስከው?"

ከዚያች ምሽት ጀምሮ በግቢያችን ኪሎ ዋት የሚባል መለኪያ የለም። እንጀራ ነው። ስምምነታችንም በዚሁ ተጻፈ። ማክሰኞና ዓርብ ማታ የምጣድ ነው፤ እኔ አልሰካም። በቀረው ቀን ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ መስካት እችላለሁ። ለብቻዬ ትንሽ ቆጣሪ አስገባሁ። በየወሩ መጨረሻ እማማ መነጽራቸውን አድርገው ያነቡና "በዚህ ወር አንድ ሺህ እንጀራ በልታብሃለች፤ ቆዳዋ ላይ ግን አይታይም" ይሉኛል።

መብራት የሚሄድበት ቀን ሌላ ጣጣ ነው። የአዳማ ሰው ያውቀዋል፤ ከከተማው ዳር ኮረብታዎቹ ላይ የነፋስ ተርባይኖች ተደርድረዋል። አዳማ አንድና ሁለት ተደምረው 136 ተርባይኖች ናቸው፤ አቅማቸው 204 ሜጋ ዋት። ከእማማ ግቢ ሆኖ ቀና ላለ ሰው ቀስ እያሉ ሲዞሩ ይታያሉ። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ፣ ሙቀቱ አናት እየበሳ፣ እኔም ተሰክቼ (መኪናዬን ማለቴ ነው) በረንዳ ላይ ተቀምጠን ነበር።

"ይኼን ሁሉ ቬንትሌተር ሰክተውት" አሉ እማማ ወደ ኮረብታው እያዩ፣ "እኛ ከየት ይምጣልን?"

ልጅቷ ተርባይኖቹ ኃይል የሚያመነጩ እንጂ የሚበሉ እንዳልሆኑ፣ ያመነጩትም ወደ ብሔራዊው መስመር ገብቶ ለመላው አገር እንደሚከፋፈል አስረዳቻቸው። እማማ ጨርሰው አዳመጡ። "እሱማ ጥሩ። ግን ደጃፌ የተጋገረ እንጀራ እኔን ዘሎ ሲሄድ ደግ አይደለም" አሉ። እኔ በሆዴ አጨበጨብኩ።

አዲስ አበባ መሄድ ቀላል ነበር፤ አሁን የሒሳብ ትምህርት ነው። ከአዳማ አዲስ አበባ በ700 ሜትር ያህል ትበልጣለች። በቤንዚን መኪና ዘመን ይህን ከፍታ የሚያውቀው ጆሮዬ ብቻ ነበር፤ ጭው ይልብኛል። አሁን ስክሪኑ እያንዳንዷን ሜትር ያስከፍለኛል። በፈጣን መንገዱ ከአዳማ ወጥቼ ሞጆን፣ ቢሾፍቱን አልፌ አዲስ አበባ ስገባ 34 ከመቶ ጎድሏል። ስመለስ 20 ከመቶ ብቻ። ቁልቁለት ላይ ነዳጁን ሲለቁላት ሞተሯ እንደ ዲናሞ ዞሮ ባትሪዋን ይመልሳል። ("ነዳጁን" አልኩ አይደል? እግሬ ሥር ያለው ፔዳል ነዳጅ ካየ ስንት ጊዜው! ሌላ ስም ግን አላገኘሁለትም።) በእማማ መለኪያ ለመውጣት 100 እንጀራ፣ ለመውረድ 60 ማለት ነው። "ከአዲስ አበባ ቶሎ ተመለስ ስልህ የነበረው ለዚህ ነው" ይሉኛል። ከዚህ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልገባኝም፤ ግን አልተከራከርኩም።

አዲስ አበባ የምናርፈው የባለቤቴ ወንድም ዘንድ ነው። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ሰውየው ደግ ነው። "በሞቴ" ሳይል አያጎርስም። ግን የኛ ባህል እንግዳን እንጂ የእንግዳን መኪና ስለ ማብላት ያለው ነገር የለም። "ቤት ያፈራውን" ይባላል እንጂ "ቆጣሪ ያፈራውን" ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ማራዘሚያውን በኩሽናው መስኮት አወረድነው። ሦስተኛ ፎቅ የተሰጣ አንሶላ ይዞ ቀረ። አንደኛ ፎቅ ያሉት እናት ሌባ መጣ ብለው ጮኹ። ጥበቃው መጣ። ለኮሚቴው ማመልከቻ ካልገባ ገመድ ማውረድ እንደማይቻል ነገረን። በስንት ልመና ሰካን። ከአንድ ሰዓት በኋላ የላስቲክ ሽታ ሸተተን። ቀጭኗ ማራዘሚያ እንደ ተቀቀለ ፓስታ ለስልሳ፣ የሶኬቱ አፍ ጠቁሮ አገኘነው። ተረፍን። የዚህ መኪና ባለቤት የሆነ ሰው ከኔ አንድ ነገር ቢወስድ ይህን ይውሰድ፤ ለራዲዮ በተሠራች ማራዘሚያ መኪና አትስካ። ያን ሌሊት ያደርኩት በእንግድነት ሳይሆን በዋስ የተለቀቅኩ ያህል ነው።

ስለ መካኒኬ ሳልነግራችሁ። ሃያ ዓመት የማውቀው ሰው ነው። መኪናዋን ያሳየሁት ቀን ኮፈኖውን ከፍቶ አጎነበሰ። ቆየ። ቀና አለ።

"ካንዴላ?"

"የላትም።"

"ፍሪሲዮን?"

"የላትም።"

"ማርሚታ?"

"የላትም።"

"ሳልባትዮ?"

ራሴን ነቀነቅኩ። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከአገር ወጣ እንጂ ከጋራዥ አልወጣም ነበር። ሰማንያ ምናምን ዓመት ሙሉ ቋንቋው መፍቻና ክሪክ መሐል ተደብቆ ኖረ። ከዚያ ያስወጣው ቻይና ነው። አሁን ስክሪኔ ላይ ከቁጥር በቀር የማነበው የለም። መኪናዋ ራሷ ትናገራለች፤ በቻይንኛ። ባለፈው ከባለቤቴ ጋር መንገድ ላይ ስንጨቃጨቅ "እኔ ነኝ ያልኩት?" ስትለኝ፣ የቷ ቃል እንደ ቀሰቀሳት እንጃ፣ መኪናዋ በቀጭን የሴት ድምፅ መለሰች። ባለቤቴ ዝም አለች። ከዚያ "ማን ናት እሷ?" አለችኝ። ጭቅጭቁ ርዕስ ቀየረ።

መካኒኬ ግን ሥራ አልፈታም። መኪናዋ በባትሪው ምክንያት ከባድ ስለሆነች ጎማ ትጨርሳለች፤ ስለዚህ እሱና ጎሚስታው ይተያያሉ። ፍሬን ሸራ ላይ ደግሞ ከሰረ። ፍጥነቷን የምትቀንሰው በሞተሯ ስለሆነ ሸራው እንዳለ ነው። ዘይትም አትቀየርም። "መኪና ዘይት ካልጠየቀ፣ እኔ ባለቤቱን መቼ ነው የማገኘው?" ይለኛል። ናፍቆት ይሁን ገበያ አልለየሁም።

ሙሉ ጎተራ ይዛ የተራበችበት ቀንም አለ። እሑድ ጠዋት፣ ሠርግ፣ ባለቤቴ በሐበሻ ቀሚስ። ማታ 70 ከመቶ ነበረች። ጠዋት ሪሞቱን ብጫን፣ ብጫን፣ በሩ አልከፍት አለ። ለካ ሪሞቱ ሆድ ውስጥ የተደበቀች የብረት ቁልፍ አለች። በሷ ገባን። ውስጡ ጨለማ ነው። መካኒኬ በስልክ ነገረኝ፤ ከትልቁ ባትሪ ሌላ እንደማንኛውም መኪና ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ አላት። ኮምፒዩተሯን የምትቀሰቅሰውና ትልቁን ባትሪ የምታስከፍተው እሷ ናት። እሷ አርጅታ ሞታለች። ጎተራው ሙሉ ነው፤ ቁልፍ ያዧ የለችም።

በመንገዱ የሚያልፍ ባጃጅ አስቆምኩ። የባጃጅም ባትሪ 12 ቮልት ነው። ልጁ ገመዱን ከኔ ባትሪ ጋር ሲያገናኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ።

"ጋሼ፣ ይቺ በኮረንቲ የምትሠራዋ አይደለችም እንዴ?"

"ናት።"

"ታዲያ ኮረንቲ አጣች?"

መልስ አልነበረኝም። መኪናዋ ወዲያው ነቃች፤ በቻይንኛ ሰላምታ ሰጠችን። ልጁ ለሻይ ከሰጠሁት ብር ይልቅ ወሬውን ነው የወደደው። ከዚያ ወዲህ የአዳማ ባጃጅ ሁሉ ያውቀኛል። መብራት ላይ ስቆም አጠገቤ ይመጡና "ጋሼ፣ ላስነሳልዎት?" ይላሉ።

ጎረቤቴ ብልጥ ነኝ ብሎ ሃይብሪድ ገዛ። የሱ አይሰካም። ቤንዚን ይቀዳል፣ ባትሪው ከሞተሩና ከፍሬኑ ይሞላል። ጾምና ፍስክ በአንድ ትሪ ማለት ነው። እማማ ግን "ያንተስ የት ነው የምትሰካው?" እያሉ ሰላም አልሰጡትም። የትም አትሰካም ሲላቸው የሚዋሽ ነው የሚመስላቸው። ለማንኛውም ቤንዚን የምትበላው ቀነሰች እንጂ አልተወችም፤ ሰልፉ ላይ ዛሬም አለ። አልፌው ስሄድ እጄን አውለበልብለታለሁ። ማክሰኞና ዓርብ ማታ እሱ ያውለበልብልኛል።

ባለፈው ሳምንት እማማ ቡና አፍልተው ጠሩኝ። ፈንዲሻ ሁሉ አለ። ፈራሁ።

"ስለት አለብኝ" አሉ። "ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ መሄድ አለብኝ። ያንተዋ ታደርሰኛለች?"

ልጅቷ እስክሪብቶ አነሣች። ከአዳማ ቁልቢ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መጨረሻው ደግሞ ዳገት ነው። ደመረች፣ አባዛች። "እማዬ፣ ለመሄጃ ብቻ ከ300 እንጀራ በላይ ነው። ሆዷ የሚችለው 300 ነው። መንገድ ላይ ትቀራለች።"

"ታዲያ መንገደኛ ስንቁን በአንዴ ይበላል እንዴ?" አሉ እማማ። ስልካቸውን አወጡ። መተሐራ የእህታቸው ልጅ አለች። አዋሽ አበልጅ አላቸው። አሰበ ተፈሪ ጡረታ የወጣ የአጎታቸው ልጅ። ሂርና ላይ አንዲት የማኅበር ጓደኛ። እያንዳንዱ ጋ አንድ አንድ ቀን ብናድር በስንት ቀን እንደምንደርስ ላሰላ ስል መተሐራ ስልኩ ተነሣ።

"ሄሎ! እንደምን ሰነበታችሁ? ልጆቹስ? . . . እኔ ደህና ነኝ። ስሚ፣ ለቁልቢ ስንሄድ እናንተ ጋ እናድራለን። ሦስት ሰው ነን። አራተኛዋ ውጪ ነው የምታድረው፤ ሶኬት ብቻ አሳይን። . . . አዎ፣ ሶኬት። ደግሞ ያን ዕለት ምጣድ እንዳትሰኪ፤ እንጀራሽን በዋዜማው ጋግረሽ ጨርሺ።"