እርማት፦ ያማሞቶ የሶል ሶሳይቲ ንጉሥ አይደሉም

ብሊች ስለተባለው የጃፓን ተከታታይ የካርቱን ፊልም (አኒሜ) በሚሰጡ አስተያየቶች ላይ «ሽማግሌው ያማሞቶ የሶል ሶሳይቲ (የሙታን ነፍሳት ዓለም) ንጉሥ ስለሆኑ፣ ሩኪያ የተባለችውን ሺኒጋሚ (ነፍሳትን የምትመራ ተዋጊ) ሞት የፈረዱባት እሳቸው ናቸው» የሚል ሐሳብ ደጋግሞ ሲነሣ ስለማይ በአክብሮት ላርመው እወዳለሁ። ጌንሪዩሳይ ያማሞቶ የ13ቱ የሺኒጋሚ ክፍለ ጦሮች ዋና አዛዥ እንጂ ንጉሥ አይደሉም፤ ንጉሡ ሌላ ነው። ፍርዱ የወጣው 40 ጠቢባንና 6 ዳኞች በሚቀመጡበት ምክር ቤት ስም ሲሆን፣ የዚህን ምክር ቤት ትእዛዝ ዋና አዛዡም ቢሆኑ የመፈጸም ግዴታ አለባቸው።

ለማረጋገጥ የአሥረኛው ክፍለ ጦር አዛዥ ሂትሱጋያና ምክትሉ ማትሱሞቶ ወደ ምክር ቤቱ አዳራሽ የሚገቡበትን ትዕይንት መልሶ ማየት ይበቃል፤ አባላቱ ሁሉ ተገድለው፣ ደማቸውም ደርቆ ጠቁሮ ያገኟቸዋል። በሟቾቹ ስም ትእዛዝ ሲያስተላልፉ የቆዩት ከሃዲው የክፍለ ጦር አዛዥ አይዘንና ግብረ አበሮቹ ነበሩ።

ያማሞቶን ንጉሥ ካደረግናቸው ይህ ሁሉ ተንኮል ትርጉም ያጣል፤ ራሳቸው ባስተማሯቸውና የሩኪያን ቅጣት በተቃወሙት የክፍለ ጦር አዛዦች በክዮራኩና በኡኪታኬ ላይ የእሳት ሰይፋቸውን መምዘዛቸውም ተራ ጭካኔ ይመስላል። እኔ ግን በዚያ ትዕይንት የማየው፣ ሐሰተኛ መሆኑን ያላወቁትን ትእዛዝ ለማስከበር ሲሉ በገዛ ደቀ መዛሙርታቸው ላይ የጨከኑ አንድ አዛውንት ነው።